አርባኛው ኩባያ

ተማሪዎቿ «ቲቸር ሽምብራ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ምን ታድርግ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አራተኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምር ጥራጥሬ ከአፏ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ኪሎ ሥጋ እስኪገኝ ከብቱ ስንት ውኃ እንደሚጠጣ፣ ባቄላ ግን በጥቂት ውኃ በቅሎ አፈሩንም አዳብሮ እንደሚሄድ ስትናገር ላያት፣ የገዛ ልጇን የምትድር ነው የምትመስለው። ደግሞ ችክ ያለች ናት። ልጆቹ ራሳቸው ዘፍዝፈው፣ ቀቅለው፣ ፈጭተው ካላዩት ትምህርት አይመስላትም።

የዚያን ቀን እያንዳንዱ ልጅ የተቀቀለ ሽምብራ ፈጭቶ፣ ግማሹን ለመቅመስ ግማሹን ለሙከራ በኩባያ በኩባያ አደረገ። የሙከራው ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ጠብ ሲደረግበት፣ ፕሮቲን ካለው ሐምራዊ ይሆናል። ፈሳሹ መርዝ ነው። ዱሮ ይህን በመስታወት ቱቦ ነበር የምታሠራቸው፤ ቱቦዎቹ ተሰባብረው አለቁና እስቲ ይሁን ብላ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ኩባያ አደለች። ሐምራዊውን እንዳትቀምሱ ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃለች። መርዝ ነው ግን አላለቻቸውም፤ ሳይንስ እንዳይፈሩ ብላ።

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ የሙከራውን ኩባያዎች ልትደፋ ቆጠረች። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ ነበሩ። ደግማ ቆጠረች፣ ጠረጴዛ ሥር ገባች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። የለም። ክው አለች።

ግቢ ውስጥ የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ ስትጠይቅ፣ አንዷ ጉዱን አወጣችው። ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ጓደኛዋ ኩባያውን በወረቀት ሸፍና፣ ለታናሽ ወንድሟ ልትሰጠው ወደ ቤት ሄዳለች። መምህሯ አንድ ነገር ትዝ አላት። ያቺ ልጅ በዚያው ሳምንት፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ገና ያልቆመ ሕፃን ፕሮቲን ቢበላ ይሄዳል ወይ ብላ ጠይቃት ነበር። እሷም ሰሌዳ እየጠረገች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታያት፣ አዎ፣ ሰውነት ይገነባል ብላት አልፋለች።

የእናትየው ስልክ አይነሳም። ከዚያማ ቤቱን ከጓደኛዋ ጠይቃ፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች እግሬ አውጪኝ አለች። መንገደኛው ዞር እያለ ያያታል፣ እሷ ማንንም አታይም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። እናትየው ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ማንኪያው ሞልቶ አፉ አጠገብ ደርሷል።

«እንዳትሰጪው!»

ማንኪያውን ከእጇ መነጨቀችው። የሕፃኑን አፍ ከፍታ በጣቷ ዳሰሰች። ምንም አልገባም። ነፍሷ መለስ አለች። አጠገባቸው የቆመችው ልጅ ግን ሌባ የምትባል መስሏት ማልቀስ ጀመረች፤ የሁሉንም ኩባያ አይታ በጣም ሐምራዊ የሆነውን እንደመረጠችለት በሳግ መሐል ተናገረች።

«አትቅመሱ ያልሽን ጥሩው እሱ ስለሆነ መስሎኝ ነው፣ ቲቸር።»

 እናትየው ገና ነገሩ አልገባትም፤ ለመምህሯ ወንበር አቀረበችላት፣ ለልጄ አስበሽ በመላክሽ እግዜር ይስጥልኝ ብላ መረቀቻት። ተበላሽቷል ብሎ ኩባያውን ይዞ መውጣት ይቻል ነበር። ማን ያውቃል? ልትለውም አፏን ከፍታ ነበር፤ ሕፃኑ ግን ማንኪያውን አምጪ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

«መርዝ አለበት፣ እህቴ» አለች። «ለልጆቹ መርዝ ነው ብዬ አልነገርኳቸውም። እኔም አልላክሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን እንዳትቆጪያት።»

እናትየው ሕፃኑን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገችው። 

«እኔ እኮ ሳልቀምስ አጉርሼው አላውቅም» አለች። «ይሄን ግን ከቲቸር ነው ስትለኝ ጊዜ አልቀመስኩትም።»