ካቡን ከሥር የነካ ሰው

አያ ደግሰውን «አፍራሽ» ያልሁት እኔ ነኝ፤ የቀበሌው ጸሐፊ ዓለምነህ። ሌላው ሁሉ ከእኔ የሰማውን ነው የሚደግመው።

ደግሰው ከአምደወርቅ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ጎጥ የሚኖር ገበሬ ነው። ድንጋይ መካብ ከአባቱ ተምሮ፣ የቀበሌያችንን እርከን ግማሹን የካበው እሱ ነው። ዘንድሮ በጥር፣ በዘመቻ የተሠራውን ረጅም ካብ ዞሮ አየና «መሠረቱ ዓለት አልነካም» አለ። ከካቡ ግርጌ ያለው የራሱ የገብስ ማሳ ነው፤ ዓመቱን የሚበላው ከዚያው ነው። በማግስቱ ዶማውን ይዞ አሥር ክንድ ያህሉን እስከ መሠረቱ አወረደው፣ ዳግም ሊክበው። በእነሱ ሙያ የታመመ ካብ ከላይ አይለጠፍም።

ግን በዚያው ሳምንት ጎብኚ ይጠበቅ ነበርና ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበራችን አቶ እንግዳው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ሽማግሌው ካቡን አፈረሰብን፤ ይመለስ።» ይህ ለወረቀት የማይመጥን የገበያ ወሬ መሰለኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ አሳመርሁት፦ «አፍራሽ ተግባር የፈጸመ ግለሰብ»። መማሬን ማሳየቴ ነበር፤ እጄን ይቁረጠው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣው ደግሞ ማኅተም ተመትቶበት ይመለሳል። በወሩ ከወረዳ በተጻፈ ደብዳቤ «አፍራሽ አመለካከት ያላቸው» ሆኖ፣ በዝቶ መጣ። ደግሰው ካቡን እንዳይነካ ታገደ፤ የከፈተውንም ሌሎች ከላይ ድንጋይ ጥለው ደፈኑት። ከጎረቤቶቹ ጋር ካብ ለካብ መተያየት ሆነ፤ ደቦ ሲጠሩም ዘለሉት።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዘኝ። በቤቱ ኽምጣኛ የሚናገር ሰው ነው፤ አማርኛውን እየመዘነ ያወጣዋል።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ይህ አፍራሽ የምትሉት ምንድን ነው? የእኛ ነው ወይስ ከሰው አገር የመጣ?»

«ፈረንጆች ሰብቨርዥን ይሉታል፣ አያ። ሰቆጣ ስማር መምህሬ እንደነገሩኝ ከጥንት ሮማውያን የተወረሰ ነው፤ ከሥር መገልበጥ ማለት ነው። መጀመሪያ ለግንብና ለከተማ ይሉት ነበር፤ መንግሥት ላይ ለሚነሣ ሰው ያደረጉት ኋላ ነው።»

«ከሥር?» አለ። «ታዲያ የታመመ ካብ ከሥር ካልሆነ በየት ይድናል?»

ከእሱ ጋር መቆሜን ሰው እንዳያይብኝ ፈርቼ ሄድሁ።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ካቡ ተናደ። መጀመሪያ የሄደው ያ ከላይ የደፈኑት ነው። ሊያሸት የደረሰው ገብስ ከድንጋይና ከጭቃ ሥር ቀረ። ሚስቱ ወለተ ሰንበት ማሳው ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

ጉባኤው ለናዳው ምክንያት ፈለገ። ሩቅ አልሄደም፤ የጥር ወሩን ቃለ ጉባኤ ገለጠ። «አፍራሽ» ተብሎ በእኔ እጅ ተጽፏል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ? ደግሰው ካቡን በራሱ ጉልበት መልሶ እንዲሠራ ተፈረደበት። እውነቱን እያወቅሁ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ፈሪ ነኝ።

ደግሰው ተነሣ። «እሠራለሁ። ግን ከሥር ልጀምር ይፈቀድልኝ።»

ሊቀ መንበሩ «ይጀምር» አሉ፤ የሚያጣላ ነገር አላዩበትም።

«እንዲያ ከሆነ ጻፈው፣ ልጄ። ከሥር እንዲጀምር ጉባኤው ፈቅዷል በል። ኋላ ደግሞ ሌላ ስም እንዳታወጡልኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ይህን መጻፍ በጥር የተጻፈው «አፍራሽ» ስሕተት ነበር ብሎ ማመን ነው፤ ጸሐፊውም እኔው።

«ወረቀቱ ሞልቷል፣ አያ» አልሁት።

ግማሹ ባዶ ነበር።