የየኔታ ልብስ ማጠቢያ

ሾፌሮች «ሐኪሟ» ይሏታል። በድንበሩ የጉምሩክ ኬላ ዕቃ ስትፈትሽ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ትደቅናለች፤ ለሚያያት ሰው የታማሚ ደረት የምታዳምጥ ትመስላለች። ገና መኪናቸውን ሳያቆሙ «ዛሬ ተረኛዋ ሐኪሟ ናት?» ብለው ይጠያየቃሉ። ናት ሲባሉ ንጹሑ እፎይ ይላል፣ ቶሎ ትሸኘዋለችና። ጭነቱ ያልጸዳው ደግሞ ድንገት ሞተሩ ይታመምበትና ኮፈኑን ከፍቶ ያጎነብሳል።

አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆማለች። ከፊቷ ረጅም የብረት ጠረጴዛ፣ ከጎኗ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ሚዛን፣ ከኋላዋ ፀሐይ ያነጣው ማስታወቂያ፦ ያገለገለ የቤት ዕቃ ቀረጥ የለበትም፤ አልኮል ለአንድ አዋቂ ሁለት ጠርሙስ። ኑሮዋ በእነዚህ ሁለት መስመሮች መሃል ነው። «ያገለገለ» ማለት ምን እንደሆነ እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። አቧራ የተነሰነሰበትን ካውያ ገልብጣ ታየዋለች፤ የተቃጠለ ጨርቅ ምልክት ካላገኘችበት አቧራው አያታልላትም። ድስት ከሆነ ቂጡን ታያለች። ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፤ ሰው የተኛበት ፍራሽ ጎድጎድ ብሎ ይቀበላል፣ ያልተኛበት ይገፋል።

ቤቷም ከዚህ አላመለጠም። አናጢው ባሏ «ሙያሽ ለእኔ የሚጠቅመኝ ሐብሐብ ስትገዢ ብቻ ነው» ይላታል። ልጇ ደግሞ «እማዬ የሰው በር የምታንኳኳው እንዲከፈትላት አይደለም፣ ውስጡ ያለውን ለማወቅ ነው» እያለች ታሾፍባታለች።

ይህን ሁሉ ያስተማሯት የኔታ ናቸው። ፊደል አስቆጥረው አያውቁም፤ ግን ኬላው ላይ ያለ ፈታሽ በሙሉ በእጃቸው ያለፈ ስለሆነ ስሙ ወጣላቸው፣ ጸናም። ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ ከሾፌር እጅ ውሃ እንኳ አልቀመሱም ይባላል። ከቤታቸው በፔርሙስ ያመጡትን ይጠጣሉ፤ እሱ ካለቀ እየጠማቸው ይውላሉ። የሐኪሟ አባት በልጅነቷ ስለሞተ፣ በሠርጓ ቀን በአባት ወንበር የተቀመጡትም እሳቸው ነበሩ።

ከትምህርታቸው ሁሉ የበለጠው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ሲሽከረከር እንዳይዘል ሆዱ ውስጥ ከባድ ኮንክሪት ታስሮበታል። ኮንትሮባንዲስት ኮንክሪቱን ፈቶ ይጥልና በክብደቱ ልክ ጠርሙስ በስፖንጅ ጠቅልሎ ያስገባበታል። ሚዛን ላይ ቢወጣ ያው ነው። «ኮንክሪት ዲዳ ነው» አሏት የኔታ፣ እጇን ይዘው ማሽኑ ጎን ላይ እያስመቱ። «ጠርሙስ ግን አፉን ቢያስሩትም ያጉረመርማል። ሰማሽ?» ሰማች። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ማሽን ያዘች፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጣት። ወረቀቱ ባሏ በሠራው ፍሬም ገብቶ ሳሎን ተሰቅሏል።

የኔታ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው። በመጡበት ማክሰኞ ሐኪሟ ተረኛ አልነበረችም። የማክሰኞው ባልደረባዋ ጉንጩ አብጦ ጥርሱን ሊነቀል ስለሄደ ነው በእሱ ቦታ የገባችው። ረፋዱ ላይ ትንሽ የጭነት መኪና ቢጫው መስመር ላይ ቆመች፤ ከሾፌሩ ጎን ማን እንደተቀመጠ ስታይ ብዕሯን ጥላ ሮጠች።

«የኔታ! ምነው ሳይነግሩን? መጥቼ እቀበልዎት አልነበር?»

የኔታ አንድ እግራቸውን አውርደው በሩን እንደያዙ ቀሩ። «አንቺ ነሽ እንዴ? ዛሬ ማክሰኞ አይደለም?»

«ማክሰኞ ነው። ያ ልጅ ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ ነው።»

«ይማረው» አሉ። አነጋገራቸው ግን የሚያዝን ሰው ሳይሆን የሚራገም ሰው ዓይነት ነበር። ሐኪሟ የመንገድ ድካም ነው አለች በልቧ።

ዝርዝሩን ሰጧት። የሟች እህታቸው የቤት ዕቃ ነው። አልጋ ከነፍራሹ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ድስቶች፣ ሁለት ጠርሙስ ዊስኪ። እህታቸው የሞቱት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ሐኪሟ ያኔ ቤታቸው ሄዳ ከጎናቸው ተቀምጣ አልቅሳለች። «የውርሱ ወረቀት ነው ያጓተተው» አሉ የኔታ ሳትጠይቃቸው። «ቶሎ ሸኚኝ ልጄ፣ ወገቤን ያመኛል።»

«እርስዎን ልፈትሽ ኖሯል? እጄን ይቁረጠው!»

እውነቷን ነበር። ወረቀቱ ላይ «ተፈትሿል» ብላ ለመጻፍ ወደ ጠረጴዛው ስትዞር ግን እጇ እንደ ልማዱ ቀደማት። በመኪናው ጎን ስታልፍ የማሽኑን ጀርባ በጣቷ አንጓ ነካ አደረገችው።

ማሽኑ አጉረመረመ።

ቆመች። ጆሮዬ ነው አለች። እንደገና መታችው፤ እንደገና መለሰላት።  የሚዛኑ ሠራተኛ፣ በሰው ላይ ማላገጥ እንጀራው የሆነ ሰው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ «ሐኪሟ፣ ሳንባው ምን ይላል?» ሲል ጮኸ። 

«አሮጌ ነው» አሉ የኔታ ፈጠን ብለው። «የላላ ብሎን ይኖረዋል።»

ብሎኖቹን አየች። የማሽኑ ጀርባ ዝጓል፤ የክዳኑ አራት ብሎኖች ግን ካቻቢቴ የላጣቸው፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላትና ነፍሷ መለስ አለች። ሾፌሩ ነው! ምስኪን ሽማግሌ አሳስቶ በሟች ዕቃ ውስጥ የራሱን ጉድ ደብቋል! ወደ የኔታ ጆሮ ጠጋ አለች።

«የኔታ፣ ይሄ ሰውዬ ተጫውቶብዎታል። ማሽኑ ውስጥ ጠርሙስ አለ። እርስዎ አይናገሩ፣ ለእኔ ይተዉት።»

የኔታ መሬት መሬት አዩ። ሾፌሩ ግን ሰምቷል። «እኔ?» አለ ደረቱን እየደበደበ። «እኔ ላይ ነው የሚላከከው? እታለም፣ እኔ ጫን ያሉኝን ነው የጫንኩት! ስጭን እንኳ ‹ቀስ፣ ቀስ፣ እንቁላል ነው በለው› ሲሉኝ ነበር!»

«ዝም በል! ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንዳለፍክ አሁን አወጣዋለሁ።»

ቢሮ ገብታ የዕቃ መዝገቡን ዘረጋች። በሾፌሩ ስም ፈለገች፤ ምንም የለም። በታርጋው ፈለገች፤ የለም። ጣቷ ወደ ታች እየወረደ ሳለ የማትፈልገው ስም ላይ አረፈ። የኔታ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ማክሰኞ፣ የሟች እህት የቤት ዕቃ፦ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ። እሺ። ይህ ያለቀሰችበት ሞት ነው። ገጾቹን ገለጠች። የዛሬ ዓመት ተኩል፣ ማክሰኞ፣ የሟች እህት የቤት ዕቃ፦ ልብስ ማጠቢያ፣ ስፌት መኪና፣ ሁለት ጠርሙስ። የኔታ ያላቸው እህት አንድ ብቻ መሆኗን ታውቃለች። ሴትዮዋ ግን ሦስት ጊዜ ሞታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ልብስ ማጠቢያ ትታ። ሦስቱም ማክሰኞ ናቸው፣ ጆሮውን ለማሽን ሰጥቶ የማያውቀው ባልደረባዋ የሚቆምበት ቀን።

ወንበር ሳታገኝ መዝገቡ ላይ ተደገፈች።  ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስትሰማ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ፈረስ ይመስላት ነበር።

ካቻቢቴ ይዛ ወጣች። የሚዛኑን ሠራተኛ «ና፣ ምስክር ሁን» አለችው። ፊቷን አየና ቀልዱን ዋጠ። ማሽኑን አውርደው ሚዛኑ አጠገብ አቆሙት። የመጀመሪያውን ብሎን ስትፈታ የኔታ መጥተው እጇ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

«ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ገና አንድ ብሎን ነው። መልሺው። እኔና አንቺ ነን የምናውቀው።»

«እሱስ?» አለች በአገጯ ወደ ሚዛኑ ሠራተኛ እያመለከተች።

«እሱ የቀልደኛ ነገር፣ ማን ያምነዋል?»

«እግዜር ይስጥልኝ የኔታ» አለ ሰውዬው።

እጃቸው ሞቃት ነው። ያው በማሽን ጎን ላይ እጇን ይዞ ያስመታው እጅ ነው። ብታሳልፋቸው ማንም አይጠይቃትም፤ ነገ ግን ጠረጴዛው ላይ የሌላ ሰው ሻንጣ ስትከፍት በምን ፊቷ ትከፍታለች? ቀስ ብላ እጃቸውን አነሳችና ሁለተኛውን ብሎን ፈታች።

ክዳኑ ወለቀ። ኮንክሪት የለም። ጠፍጣፋ የዊስኪ ጠርሙሶች በስፖንጅ ተጠቅልለው እንደ መጽሐፍ ተደርድረዋል። የሚዛኑ ሠራተኛ እጁን አፉ ላይ ጫነ። የኔታ ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት ጨመሩ።

ደንቡ እንደሚለው ባለ ዕቃው እያየ፣ ምስክር እየሰማ፣ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «… አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።» እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ባዶ ስፖንጅ ወጣ። «አሥራ ዘጠኝ» ብላ ቅጹ ላይ ልትጽፍ ስትል፣ የኔታ ብድግ አሉ።

«ሃያ ነው!»

«አሥራ ዘጠኝ ነው የኔታ።»

«ሃያ ነው እላለሁ! ደህና አድርገሽ ፈልጊ!» ራሳቸው ጎንበስ ብለው እስከ ትከሻቸው ማሽኑ ውስጥ ገቡ። ስፖንጁን እየበጣጠሱ አወጡ። ከታች፣ ጠርሙስ መቀመጥ በነበረበት ቦታ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጡብ አገኙ። ጡቡን ይዘው ተነሱ። «ይሄ ሌባ! ይሄ ማሽኑን የሚያሽግልኝ ሰውዬ! በጡብ ተካልኝ! አምስት ጊዜ ያመንኩት ሰው! አምስቱንም ጊዜ እንዲህ ሲግጠኝ ኖሯል ማለት ነው!»

ሐኪሟ ብዕሯን ከቅጹ አነሳች። 

«ስንት ጊዜ አሉ?» አለች ሐኪሟ።

የኔታ ጡቡን አስቀመጡ። የተናገሩትን የሰሙት ገና አሁን ነው።

«መዝገቡ ላይ ያለው ከዛሬው ጋር ሦስት ነው» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ሁለቱ የት ገቡ?»

«ተይው በቃ። የንዴት ነገር ነው።»

«ሁለቱ መዝገብ ላይ በስምዎ ከሌሉ … ያኔ ሥራ ላይ ነበሩ። እዚህ ቆመው!»

የኔታ ተመልሰው ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ ምናልባት ከድካም፣ ምናልባትም ጡቡ ሁሉን ነገር ስላቀለለባቸው፣ እንደ ድሮው ረጋ ባለ የማስተማሪያ ድምፃቸው ተናገሩ። «አንዱን ራሴ ፈርሜ አሳለፍኩት። የመጀመሪያው ግን አንቺ የሙከራ ጊዜሽን ሳትጨርሺ ነው። የአንዲት ባልቴት ዕቃ ነው፣ ደክማለች፣ ፈርሚላትና ትሂድ አልኩሽ። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አላት። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ የማሳለፊያ ፊርማ ናት። ያን ቀን ማታ ለእናቷ «ዛሬ አንዲት አሮጊት ረዳሁ» ብላ ነግራታለች። ባልቴቲቱን ግን አላየቻትም ነበር፤ ማሽኑን ብቻ ነው ያየችው፣ እንዲያውም በአንድ ጎኑ ይዛ ወደ መኪናው ገፍታለች። 

«ታዲያ ለምን አስተማሩኝ?» አለች። «ከዚያ በኋላ ማንኳኳቱን ለምን አሳዩኝ?»

የኔታ እንደ ሞኝ ጥያቄ ቆጠሩት። «ሌሎቹ እንዳያሳልፉ ነዋ! ያን ዓመት ልብስ ማጠቢያ ያላስገባ ማን ነበር? ገበያውን አርክሰውት ነበር። አንቺ ደግሞ ጆሮ ነበረሽ።»

አሥራ አንዱ ማሽን በዓይኗ ፊት ተሰለፈ። ከባለቤቶቹ አንዱ እግሯ ሥር ወድቆ ለምኗት ነበር። ያን ቀን ራሷን እንደ ብረት አጽንታ የወጣችው እኚህን ሰው አስባ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከኋላዋ ቆመው ተፎካካሪዎቻቸው አንድ በአንድ ሲለቀሙ ይቆጥሩ ነበር።

«ወይ ጉድ» አለ የሚዛኑ ሠራተኛ በሹክሹክታ። ለማንም አልነበረም።

ሐኪሟ የተያዘ ዕቃ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። አሥራ ዘጠኝ ጠርሙስ፣ አንድ ጡብ። ባለ ዕቃው በምስክር ፊት የተናገረው፦ አምስት ጊዜ። ከዚያ ሥር ለእያንዳንዱ ጊዜ አንድ መስመር አለ፤ ቀኑና በዚያ ቀን ዕቃውን ያሳለፈው ፈታሽ ስም ይሞላበታል። ዛሬን ሞላች። በሁለቱ ማክሰኞዎች ላይ ጥርሱን የሚነቀለውን ባልደረባዋን፣ የኔታ ራሳቸው በፈረሙት ላይ የእሳቸውን ስም ሞላች። ብዕሯ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሲደርስ የኔታ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እሱንስ ተይው» አሉ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አባት አባት አለ። «አንቺን ነው የሚጎዳው። ለእኔማ አራትም ሆነ አምስት ያው ነው። አታውቂ ነበር እኮ።»

«አዎ፣ አላውቅም ነበር። አላውቅም ነበር ተብሎ የሚሞላበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም።»

ቀኑን ጻፈች። ከአጠገቡ የራሷን ስም እስከ አያቷ ድረስ፣ ፊደሉን ሳታጣብብ ጻፈችና ፈረመች። ከዚያ ወረቀቱን አዙራ ብዕሩን ከላዩ አደረገችላቸው።

«ይፈርሙ የኔታ» አለች። «እኔ ጨርሻለሁ።»