ይሄ የማን ቤት ነው?

ወላይታ ውስጥ፣ ገሱባ አጠገብ ባል ሳገባ አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሐኪም ያለው ሶዶ ብቻ፣ መንገዱም በቃሬዛ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ። የመጀመሪያ ልጄን ሦስት ቀን አማጥኩ። ልጁ ሞቶ ወጣ። እኔ ተረፍኩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሽንቴ ሳላውቀው ይፈስ ጀመር። ብታጠብም ልብስ ብቀይርም ሽታው አይለቀኝም።

ባሌ ሁለት ወር ታገሠ። አንድ ጠዋት እናቴ ቤት አደረሰኝና "ሲሻልሽ መጥቼ እወስድሻለሁ" አለኝ። መስቀል ሳይደርስ ሌላ ማግባቱን ገበያተኛ ነገረን።

እናቴ ከእንሰቱ ጀርባ ትንሽ ጎጆ አሠራችልኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንግዳ ሲመጣ እንዳላፍር ብላ ነው። እዚያ ጮክ ብዬ እጸልይ ነበር። የሚያምር ጸሎት አልነበረም። "ባሌ ጥሎኛል። አንተም ጥለኸኝ እንደሆነ ራስህ ንገረኝ፤ ሰው አትላክብኝ" እለው ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ቆጮ ይዛልኝ ስትመጣ ሰማችኝ።

"ልጄ፣ ተይው በቃ። እስከ ዛሬስ ማን ሰማሽ?"

"ካልሰማኝማ ለምን ዝም እላለሁ? ጨምሬ እጮሃለሁ እንጂ።"

እሑድ የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤታችን ስሄድ ሴቶቹ ከአጠገቤ ይሸሹ ጀመር። ያጠመቁኝ፣ ስብከቱንም የሚሰብኩት ሽማግሌ በር ላይ ጠበቁኝና ዓይኔን ሳያዩ፣ "ልጄ፣ ሕዝቡ ተቸገረ። ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ሆነሽ ብትሰሚስ?" አሉኝ። እሺ አልኩ። ያን ክረምት ከሣር ክዳኑ የሚወርደው ውሃ እየመታኝ እዚያው ተቀመጥኩ። ውስጥ ሲዘምሩ እኔም ውጭ እዘምራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ባሌ ካደረሰብኝ ይልቅ ያ ግድግዳ አቆሰለኝ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ እሑድ ሰፊ ኮባ ከእንሰቱ ቆርጬ ገባሁ። በሴቶቹ በኩል፣ ከፊት አነጠፍኩና ተቀመጥኩበት። ስብከቱ ተቋረጠ። ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ተነጋግረን አልነበር እንዴ?"

"አባቴ፣ ባሌ ከቤቱ ሲያስወጣኝ ወጥቻለሁ፤ ቤቱ የእሱ ነው። ይሄ ግን የማን ቤት ነው? የእርስዎ ከሆነ ይንገሩኝና አሁኑኑ ልውጣ።"

ወደ ቦታቸው ተመልሰው ስብከታቸውን ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ማንም ሳይጠራኝ ተነሣሁ። በወላይትኛ፣ ጎጆዬ ውስጥ እንደለመድኩት፣ ልጄንም ባሌንም ሽታዬንም ሳልደብቅ ጸለይኩ። "ሕዝብህ ይኸው፤ እኔም ይኸው" አልኩት።

ለብዙ ሳምንት ከጎኔ የሚቀመጥ አልተገኘም። እኔም አልቀረሁም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ በአንድ ወር ሁለት ልጆች የቀበረች ጎረቤታችን ጎጆዬ በር ላይ ቆመች። ከሚሸሹኝ ሴቶች አንዷ ነበረች።

"መጸለይ አቃተኝ" አለች። "አንቺ ስትቆጪው ሰምቻለሁ። ለእኔም ተቆጪልኝ።"

አስገባኋት። አብረን ተቆጣን፤ አብረን አለቀስን። በሳምንቱ ሌላ ሴት ይዛ መጣች።

በዚያ ዓመት አልዳንኩም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት። "ጌታ ቢወድሽ ኖሮ ይፈውስሽ ነበር" የሚሉኝ አልጠፉም። እኔ ግን ሳልድን አመሰገንኩት፤ ሳልድንም ተሟገትኩት።