ምስጋና ከባሕር በታች
የኤልዋ ወንዝ ግድብ ሊፈርስ ወራት ሲቀሩት፣ የክላላም ነባር ሕዝብ ተወላጇ ባሕር ጠላቂ ላቪና በወንዙ መውጫ የባሕሩን ወለል ነዋሪዎች ቆጥራ ጨረሰች፤ ሸርጣኖቹ እንደ ልማዳቸው ለቆጠራ አልተባበሩም። ግድቡ ፈርሶ መንገዱ የተዘጋበት የሳልሞን ዓሣ ወደ ወንዙ እንዲመለስ ወገኖቿ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለምነዋል። ከግድቡ ኋላ የሚለቀቀው ደለል ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የመገባትን ይህን የባሕር አረም ደን ሊቀብረው ይችላል። ሳታመሰግነው መሰናበት አልሆነላትም። በአገሯ ወግ መዳፎቿን ገልጣ ሁለት እጆቿን አነሣች። አብሯት የጠለቀው እንግዳው ፔደር አየር ያጠራት መስሎት ጎትቶ አወጣት።

«ምን ነካሽ?»

«እያመሰገንኩ ነበር፣ አንተ ጉደኛ!»

ጀልባዋን የያዙት አጎቷ ዋረን ሳቁ። «በል ልጄ፣ ከወሰድክበት መልሳት። ምስጋና በግማሽ አይቀርም።»

አብረው ወረዱ። አሁን አራት እጆች ተነሡ፤ የሸርጣኖቹ መቆንጠጫ እንደሆነ ድሮም ተነሥቶ ነበር።