ለዘር የቀሩት ጎጆዎች

አባቴ ከቡና መጋዘን ሥራው በጡረታ ሲሰናበት፣ አሁንስ ያርፋል ብለን ነበር። እሱም አላረፈ፣ እኛንም አላሳረፈን። ሰርቦ ከተማ ውስጥ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ዕድሜውን ሙሉ የሚገባውን ቡና እፍኝ አድርጎ እያየ፣ እያሸተተ፣ “ይሄ ይለፍ፣ ይሄ ይመለስ” ሲል የኖረ ሰው ነው። ቤት ሲውል ያንኑ ሥራ በእኛ ላይ ቀጠለ። እናቴ የለቀመችውን ምስር እንደገና ለቅሞ ጠጠር ያሳያታል። ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ እየገባ፣ ደንበኛ ፊት ልብሱን ገልብጦ ስፌቴን ይመረምራል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ብዙም አልደረሰኝም። አንድ ቀን “አባባ፣ በአላህ፣ የምትመርጠው ነገር ልፈልግልህ” አልኩት። የቀልዴን አልነበረም።

የፈለግኩለት ነገር ትል ሆነ። የሐር ትል ማርባት የሚያስተምሩ ሰዎች ከተማችን መጥተው ስለነበር ስልጠናውን ወስጄ ዘር ይዤ ገባሁ፤ ዘር የሚባለው የቢራቢሮዋ እንቁላል ነው። ይህ ትል የሚበላው የጉሎ ቅጠል ነው፣ ጉሎ ደግሞ እኛ አገር ማንም ሳይተክለው በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ትሎቹ ተፈልፍለው ሲርመሰመሱ እናቴ “አዑዙ ቢላህ! በእኔ ቤት?” ብላ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ ግን መነጽሩን አወጣ።

ከዚያ በኋላ ጓዳው የእሱ መጋዘን ሆነ። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ትሎቹ የተዘረጉበትን ቆጥ እግሮች ውኃ በሞላ ጣሳ ውስጥ አቆመ። እርጥብ ቅጠል ሆዳቸውን ያበላሻል ስለተባለ፣ ጠዋት ጠል ያለበትን ቅጠል አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠርጋል። ሽቶ የተቀባ ሰው በዚያ በር አያልፍም። ትሎቹ ቆዳቸውን ሊቀይሩ ሲሉ መብላት ትተው ድርቅ ይላሉ፣ ተኙ ነው የምንለው፤ ያን ጊዜ እኛም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። አንዲት ጎረቤት ሰላም ልትለን ገብታ ጣቱን አፉ ላይ ሲያደርግባት “አፉ ይበላችሁ፣ ማን ታሞ ነው?” አለች። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ወጣች።

ትሉ በልቶ ሲጠግብ ራሱ ላይ ነጭ ጎጆ ይሠራል። አሠልጣኞቹ ሌላ ስም ነበራቸው፣ እኛ ቤት ግን ጎጆ ሆኖ ቀረ። እናቴን ከትሎቹ ጋር ያስታረቃት እሱ ነው። ጎጆውን ቀቅላ፣ አጥባ፣ እንደ ጥጥ አሳስታ በእንዝርት ስትፈትለው ጣቶቿ ወደዱት። ክሩን ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ላለ ሸማኔ እንልካለን። ከደቡብ የመጣ፣ ጴንጤ የሆነ ሰው ነው፤ አባቴን “ጌታ ይባርክዎት” ይለዋል፣ አባቴም “አሚን፣ ሁላችንንም” ይለዋል። እናቴ ክሩን ጠቅልላ ለአባቴ በሰጠችው ቁጥር “ከራሴ ፈትል አንድ ሻርፕ ቢወጣልኝ” ትላለች። የአባቴ መልስ አንድ ነው፦ “ኢንሻአላህ፣ በሚቀጥለው ዙር።” የሚቀጥለው ዙርም ወደ ጅማ ይሄዳል። እሱ ራሱ ሐር አይለብስም፣ በሃይማኖታችን ለወንድ አይፈቀድም፤ ስለዚህ የሻርፕ ናፍቆት አይገባውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጎጆዎቹን የሚመርጠው እንግዲህ እሱ ነው። ለዘር የቀረው ጎጆ አይቀቀልም፤ ቢራቢሮዋ እስክትወጣ ይጠበቃል፣ ትወጣና እንቁላል ትጥላለች። ባዶውም ጎጆ ይፈተላል፣ ግን ስትወጣ የምትለቀው ፈሳሽ ቡናማ እድፍ ይተውበታል። አባቴ እድፍ አይችልም። ነጠብጣብ ያለበት ፍሬ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ ያን የመሰለ ነጭ ጎጆ ሲቆሽሽ ቆሞ ማየት አቃተው። ስለዚህ ትልልቆቹንና ንጹሖቹን ቢራቢሮ ሳይወጣባቸው ፀሐይ ላይ አድርቆ ለእናቴ ይሰጣል፤ ቀጫጮቹን፣ ጠማሞቹን፣ ቢያድፉም የማያሳዝኑትን ለዘር ያስቀራል። ስልጠናው ላይ ዘራችሁን ምረጡ ተብለናል። እኛም መርጠናል! ከእኛ ቤት የበለጠ የሚመርጥ ቤትስ የት አለ?

ዙር በዙር ትሎቹ አነሱ። መጀመሪያ ቅጠሉ ነው አልን። ከዚያ ዝናቡ ነው አልን፤ አባቴ ሰቃ ድረስ ልኮኝ የተሻለ ነው የተባለ የጉሎ ቅጠል በኬሻ አስመጣኝ። እንቁላሉ ግማሹ ሳይፈለፈል ይቀራል፣ የተፈለፈለውም ጎጆ ሊሠራ ሲል ጠቁሮ ይሞታል። የእናቴ ክር እንዝርቱ ላይ እየተበጠሰ ታማርራለች። ሸማኔውም ደወለ፦ “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክሩ የሽመና ዕቃው ላይ አልቆም አለኝ እኮ።”

አባቴ መነጽሩን ኪሱ ከቶ በረንዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ። “ይህ ዙር ካለቀ ቆጡን አፍርሱት” አለ። ሱቄ መጥቶ ስፌቴን አይመረምር፣ ምስሩን አይነካ። ስንት ጊዜ በተወኝ ብዬ የተመኘሁት ሰውዬ ሲተወኝ ፈራሁ። ትሉ ከጠፋ ሌላ ዘር የምናመጣበት አልነበረም፣ አሠልጣኞቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ትሉ ከጠፋ አባቴ ከዚያ ወንበር የሚነሳበት ምክንያትም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም ያንኑ ስታስብ ሰንብታለች።

አንድ ጠዋት እናቴ ከፔርሙዝ ቡና ቀዳችልን። ፉት ብዬ ተፋሁት። ሻጋታ ሻጋታ ይላል። አባባ ከመጋዘን ሲያመጣ የኖረው፣ አሁንም የሥራ ባልደረቦቹ የሚልኩለት፣ ከለቀማ የተረፈ ቡና ነው፤ ይህን ስጠጣ ነው ያደግኩት። የዚያን ዕለት ግን ቱግ አልኩ።

“ዕድሜህን ሙሉ ለዓለም ቡና መርጠህ እኛ ይሄን እንጠጣ? ጥሩ ቡና ቤታችን ገብቶ ያውቃል?”

“ማሎ፣ እባክሽ፣ ምን ሆነሻል በጠዋቱ?” አለ። “ጥሩው ለገበያ ነው። ለቤት የተረፈው ይበቃል። ከድሮም እንዲሁ ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲሁ . . .”

ሲኒውን አስቀምጦ ወደ ጓዳው በር አየ። ከዚያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣና ተነስቶ ገባ። ተከትዬው ስገባ በአንድ እጁ ለዘር ያስቀመጣቸውን ኮሳሳ ጎጆዎች፣ በሌላው ፀሐይ ሊያወጣቸው የለያቸውን ጥቂት ደህና ጎጆዎች ይዞ ቆሟል።

“ተመላሹን ነው ስናራባ የኖርነው” አለ። “ወላሂ፣ እኔው ነኝ። ቡና መስሎኝ።”

እናቴ ከኋላዬ “በል እንግዲህ፣ እነዚያን ደህናዎቹን አስቀራቸው” አለች፣ ነገሩ ሽንኩርት የመግዛት ያህል ቀላል ይመስል። ቀላል አልነበረም። እነዚያ ጥቂት ጎጆዎች ለአንዲት ሙሽራ ጥለት ለሸማኔው ቃል የተገባባቸው ናቸው፤ አባቴ ደግሞ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ስልኩን ይዞ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ደወለ። ሸማኔው ተነጫነጨ። ሙሽራዋን ምን ልበላት አለ። በመጨረሻ ግን “እሺ፣ ከጥጥ እሠራላታለሁ፤ እርስዎ ብቻ ዘሩን ያትርፉልን” ሲል ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ተሰማኝ። አባቴ “ኤዬ፣ ኤዬ” እያለ በኦሮምኛ እሺታውን ገልጾ ግንባሩን ጠረገ።

ቢራቢሮዎቹ የወጡ ዕለት አባቴ አጠገባቸው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ክንፋቸው እርጥብ፣ ሆዳቸው ወፍራም ነበር። አንዷ ከነጩ ጎጆ ወጥታ ያን ቡናማ ፈሳሽ ስትለቅበት ፊቱን ሲያኮማትር አየሁት፤ እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ኮሳሶቹን ጎጆዎች በሙሉ ለእናቴ ሰጣት፣ ቀቅላ፣ አሳስታ ትራስ ውስጥ ከተተቻቸው። ትሎቹ ሲፈለፈሉም ሳሳ አድርጎ በየቆጡ ዘረጋቸው፤ ደካማውን እያየ ያወጣል፣ ለብርቱው ቦታ ይለቃል። ተኝተው በተነሱ ቁጥር ወፈሩ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ቅጠል ስለቅም እየዘፈንኩ መሆኔን ሰው ነው የነገረኝ። የዚያ ዙር ጎጆ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ይከብዳል፤ አባቴ ትልልቆቹን ለዘር ለየና የቀረውን ለሸማኔው ላከ። የበረንዳው ወንበር አሁን የቅጠል ኬሻ ማስቀመጫ ነው።

ቢራቢሮ የወጣባቸውን ጎጆዎች እናቴ አጥባ አጥባ ፈተለቻቸው። ክሩ ጠንካራ ሆነ፣ እድፉ ግን ጨርሶ አልለቀቀም፤ ሻይ የነካው ዓይነት መልክ ቀረበት። “ይህን ደንበኛ አይቀበልም” ብላ ጠቅልላ አኖረችው። አንድ ሐሙስ ግን አባቴ ጥቅሉን ይዞ ጅማ ሄደ፣ ከሳምንታት በኋላም በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ገባ።

እናቴ ጋዜጣውን ገለጠች። ሻርፑን ዘርግታ፣ ዳርና ዳሩን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ለስላሳነቱን በጉንጯ ለካች።

“ማሻአላህ፣ ጥሩ ወጥቷል” አለች። ከዚያም እንደ ልማዷ መልሳ ማጠፍ ጀመረች። “ለማን ነው የሚሄደው?”

አባቴ ከእጇ ተቀብሎ ትከሻዋ ላይ ጣለው፤ ቡና እንደሚመረምር ጫፉን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ።

“ይሄ ይቀራል” አለ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ወደ በሩ ዞርኩ። የትሎቹ መኖ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሻርፑን ሳታወልቅ ቅጠሉን አንስታ ወደ ጓዳው ገባች።