ያልታመሙት ጥርሶች

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ስፌት ቤቷን ከሳሎናችን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ልጇ ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር ነው የተወለደችው፤ ንግግር ባይሆንላትም ፈገግታዋ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ሰፈሩ ሁሉ ፍልቅልቅ ይላታል።

አንድ ሰሞን ፍልቅልቅ መብል እምቢ አለች። ጉንጯን ይዛ ትራስ ትነክሳለች። እትዬ በባትሪ አፏን ብታይ፣ ከኋላ የተቦረቦረ መንጋጋ አገኘች። የመጀመሪያው ክሊኒክ ልጅቷ ወንበሩ ላይ አልቀመጥ ስትል ሌላ ቦታ ሞክሩ አለን። ሁለተኛው ከበር መለሰን፤ ሌሎቹን ታካሚዎች ታስፈራብናለች ነበር ምክንያታቸው።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በማደንዘዣ ሊያክማት ቀጠሮ ሰጠን። ወራት ጠበቅን። ቀኑ ሲደርስ ሐኪሙ የተበላሸውን እናወጣለን አለ፣ እትዬም ፈረመች። እፎይ ብላ ኮሪደሩ ላይ ከማያውቋት እናቶች ጋር ስትቀልድ ዋለች።

ልጅቷን በተሽከርካሪ አልጋ ሲያወጧት አፏ በጥጥ ተጠቅጥቋል። ነርሷ ጥጡን ስትቀይር ሁለታችንም አየን። የፊት ጥርሶቿ የሉም። ከላይም ከታችም ድድ ብቻ። እትዬ የሌላ ሰው ልጅ ያመጡላት መስሏት፣ እጇ ላይ የታሰረውን የስም ወረቀት አገላብጣ አነበበች።

ሐኪሙ መጣ። ረጋ ያለ ነው፣ ክፉ ሰው አይመስልም፤ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።

"የታመመው ስንቱ ነበር?" አለችው።

"ሁለቱ።"

"የቀሩትስ?"

"እህቴ፣ እንደነዚህ ያሉ ልጆች ጥርሳቸውን አያስቦርሹም። ነገ መበላሸቱ አይቀርም። ደግማችሁ እንዳትንገላቱ ብዬ ነው።"

ለአንድ ቁልፍ ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የምትከራከረዋ እህቴ ልጇን በነጠላዋ መሸፈን ጀመረች። "እኔ እኮ ጠዋት ማታ እቦርሽላታለሁ" ያለችው ታክሲ ውስጥ ነው፣ ያውም ለእኔ።

ፍልቅልቅ ቤት ስትገባ ምላሷን ባዶው ድድ ላይ እያመላለሰች መስታወት ፊት ቆመች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ማንም አላስተማራትም።

ወንድማችን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ሕመሙ ከለቀቃት ተይው አለ። እትዬ ግን የሆስፒታሉ ኃላፊ ዘንድ ገባች። ይቅርታ ጠየቋት። ሐኪሙ ግን እዚያው ይሠራል። ሰው ሠራሽ ጥርስም ትውጠዋለች ተብሎ ቀረ።

ለቀሩት የኋላ ጥርሶቿ ግን አንዲት ሌላ ሐኪም አገኘን። ይህችኛዋ መጀመሪያ ምንም አልነካቻትም፤ ወንበሩን ከፍ ዝቅ እያደረገች አሳቀቻት፣ በሌላ ቀን ደግሞ የጥርስ ማያ መስታወቷን አስያዘቻት። ጥቂት ከተመላለስን በኋላ ፍልቅልቅ ራሷ ወንበሩ ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች።

እትዬ ያኔ ኮሪደር ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ደስ ብሏት መስሎኝ ተከተልኳት።

"ይቻል ነበር?" አለችኝ። "እንዲህ በቀላሉ ይቻል ነበር?"