ቆዳ የማይልጥ ገመድ

ወልደአማኑኤል በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበር። ሰው አስሮም ገርፎም አያውቅም፤ የታሰሩትን ስም መዝገብ ላይ ያሰፍራል እንጂ። «እጄ ንጹሕ ነው» ይል ነበር። ጲላጦስም እንዲሁ ብሏል።

ይህን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ነውና፣ ሚስቱ ሸዋወርቅ ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ጠላ ይዘን ሳለ አወጣው።

በራቸውን ከቀረቀሩ በኋላ ሸዋወርቅ እጁን ከአልጋው ራስጌ ጋር አስራ እንደልቧ እንድታዝበት ይወድ ነበር። እሷም ትወደው ነበር። የሚያስሩት በነጠላዋ ነበርና ነጠላው ተቀዶ አለቀ፤ እናቷ «ምን በላው?» እያሉ መጠየቅ ሲጀምሩ ገመድ ለመግዛት ተስማሙ።

ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ማንም እሱን ወደማያውቅበት ወደ ቆቃ ሄዶ መግዛት አማረው። ግን ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የጉዞው ምክንያት ይጻፋል። የሚጽፈው ራሱ ነው። አፈረ። ስለዚህ እዚያው ከተማ፣ ምስማርና አካፋ ወደሚሸጡት ወደ አቶ መርዳሳ ሱቅ ገባ።

«ገመድ ፈልጌ ነበር።»

«ለበሬ ነው ለአህያ?»

ሁለቱም የሉትም። «እንዲያው... ለቤት» አለ። አቶ መርዳሳ የቃጫ ገመድ አቀረቡለት። ክንዱ ላይ አሸት አደረገውና መለሰው።

«ለስለስ ያለ የለም? ቆዳ የማይልጥ? ጠፍርና ዘለበትም ካለ...» ጆሮው ጋለ።

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩት። ከመደርደሪያው ጥግ የጥጥ ገመድ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ልጄን ፈይሳን በሲባጎ ነው ያሰራችሁት። እናቱ ስንቅ ስታደርስ የእጁ አንጓ ተልጦ አየች። አንተ ግን ልብ አለህ። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ።»

ወልደአማኑኤል ክው አለ። ለእስረኞች አይደለም ይበል? ለምንድነው ታዲያ? ልጁ ለታሰረበት አባት፣ መታሰር አምሮኝ ነው ይበል?

«እሺ፣ አባቴ» ብሎ ወጣ። ጠፍሩንም ዘለበቱንም ትቶ።

ሸዋወርቅ ጥቅሉን ስታይ ፈገግ አለች፤ ሲነግራት ቁጭ አለች። «በል ለልጁ ውሰድለት» አለችው። ሦስት ቀን ከጤፍ ጆንያ ሥር ደበቀው። እስር ቤት ገመድ ይዤ ልግባ? እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። በአራተኛው ቀን ግን ወስዶ ለዘበኛው ሰጠ።

«ሲባጎው ይልጣል። በዚህ ይሁን» አለው።

ዘበኛው ገመዱን ሳብ አድርጎ ሞከረና ሳቀ። «ጓድ ጸሐፊ፣ አንተም ጀመርክ?»

በዚያው ሳምንት ፈይሳን መኪና ላይ ሊጭኑት አወጡት። እጁ በጥጡ ገመድ ታስሯል። የጸሐፊው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«እናቴ ነገረችኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

ወልደአማኑኤል ቀና ማለት አቃተው። መዝገቡ ላይ «ፈይሳ መርዳሳ፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት፣ ተዛወረ» ብሎ ጻፈ።

ባልና ሚስቱ ያን ጨዋታ ዳግመኛ አላነሱትም። ፈይሳም አልተመለሰም። አቶ መርዳሳ ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ ወልደአማኑኤልን ባዩ ቁጥር መንገድ ተሻግረው እየመጡ ጉንጩን ይስሙት ነበር። እሱም ጉንጩን ይሰጣል፤ ምን ያድርግ?